በአጤ ፋሪስ ሥር የቆመ ቲማቲም

ሰው ሁሉ አንድ የሚመካበት ነገር አያጣም። የእኔ እጄ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ስሠራ፣ ጣፋጩን ብርቱካን በኮምጣጣው ሥር ላይ፣ ፍሬያሙን አቮካዶ ፍሬ በማይሰጠው ሥር ላይ ሳዳቅል ኖሬያለሁ። እዚህ አዋሳ በየግቢው የሚታየው አቮካዶ ግማሹ በእኔ ምላጭ ያለፈ ነው ብል ጉራ አይደለም። ጡረታ ስወጣ የምስክር ወረቀትና የእጅ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱ በዓመቱ ቆመ። እጄ አልቆመም። ምነው እሱም ቆሞ ቢሆን ኖሮ።

ኩማ እባላለሁ። ሚስቴ ብርቅዬ ትባላለች። ጌታን የምትፈራ፣ ውሸት ስትናገር ጆሮዋ የሚቀላ ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ጀምሮ የምትጸልየው ጓዳ ገብታ ነው፤ ድምፅ የላትም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ልጆች ቀብረን ሦስተኛው ቆየልን። እሱ ደረሰ ነው።

በ1980 መስከረም ላይ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉት ልጆች ስም ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ደረሰ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ከላይ አራተኛ ነው። ባለፈው ዙር ከሰፈራችን ከሄዱት ሰባት ልጆች የተመለሰው አንድ ነው፤ እሱም ያለ እግር። እኔ ጀግና አይደለሁም፤ ጀግና ልጅም አልፈልግም። ያሉኝን ይበሉኝ።

ቀበሌ ሄጄ “ወለጋ አጎቱ ጋ ሄዷል” አልኩ። ወለጋ አጎት የለውም። ሊቀመንበሩ ገብረየስ ድሮ ግቢው ውስጥ አቮካዶ ያዳቀልኩለት ሰው ነው፤ እኔን ትቶ ወደ ብርቅዬ ዞረ።

“እትዬ ብርቅዬ፣ እርስዎ አይዋሹም። እውነት ነው?”

“እውነት ነው” አለች።

ጆሮዋ እሳት መሰለ። እግዜር ይስጠው ገብረየስ አላየውም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። “እንግዲህ ሲመለስ ሪፖርት ያድርግ” ብሎ የልጁን ስም ከቤተሰብ ካርዳችን ላይ ሰረዘው። ቤት ስንገባ ብርቅዬ ጓዳ ገብታ ተንበረከከች፤ እስኪመሽ አልተነሳችም።

ደረሰ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮርኒስ በላይ ገባ። ወራጆቹ ላይ ሦስት ጣውላ አጋደምኩለት፣ ፍራሽ አነጠፍኩለት። የአዋሳን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ ሥር መተኛት ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ልጁ ቀን ቀን እንደ ድንች ይቀቀላል፤ ሲመሽ ወርዶ እግሩን ያፍታታና ተመልሶ ይወጣል። ሳል ሲይዘው አፉን በብርድ ልብስ ያፍናል። ይህንን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። የአጥር ጎረቤታችን ፈትያ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ አንድ ቀን ብርቅዬ ሦስት ሳህን ስታጥብ አይታ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። አልጠየቀችም። ፈትያ እንደዚህ ናት።

ከኅብረት ሱቅ የሚሰጠን ስንዴና ስኳር እንግዲህ የሁለት ሰው ሆነ። ሦስተኛውን ሆድ የሚሞላው ጓሮው ነው። እንሰቱም ጎመኑም አላሳፈሩኝም። ቲማቲሙን ግን አጠውልግ ገባበት። በሽታውን ላላየ ልንገረው፤ ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ያደረው ተክል ቀትር ላይ ጭንቅላቱን ይደፋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ይሞታል። በሽታው አፈሩ ውስጥ ስለሆነ የሚገባው በሥሩ ነው። መድኃኒት የለውም። መሬቱን ጥሎ መሄድ ነው፤ እኔ ደግሞ የምሄድበት ሌላ መሬት የለኝም።

ከኮርኒሱ በላይ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። ለደረሰ የቀረችው ዓለም እሷ ናት። በእሷ የሚታየው የጓሮው አንድ መደብ ብቻ ነው፤ ቲማቲሙ የሞተበት መደብ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወርዶ እራት ስንበላ፣

“አባዬ፣ ብርቱካኑን እንደምታደርገው ቲማቲሙን ለምን አታደርገውም? ሥሩን ከሌላ ስጠው” አለኝ።

“ቲማቲም ዛፍ አይደለም። ግንዱ ውሃ ነው፤ ምላጭ ሲነካው ይሟሟል።”

“ሞክረህ ታውቃለህ?”

አላውቅም። ያን ቀን ስለ ጦርነትም ስለ አፈሳም አልተነጋገርንም፤ ስለ ሥር ነው ስናወራ ያመሸነው። ስንት ወር ሙሉ ዓይኑን ተክሎ የሚያየው ነገር የለውም ነበርና፣ በማግስቱ ሥራውን እሱ በሚያየው መደብ ላይ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር ለቲማቲሙ ብዬ አይደለም። ልጄ ቀዳዳ ላይ ዓይኑን ሲለጥፍ የሚያየው ነገር ይኑረው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት በእምቧይ ነው። እምቧይ የቲማቲም ዘመድ ነው፣ አጠውልግ አይደፍረውም። ችግኙን ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ቆርጬ፣ ግንዱን መሃል ለመሃል ሰንጥቄ፣ የቲማቲሙን ጫፍ እንደ ሽብልቅ አሹዬ ሰካሁበትና በቀጭን ላስቲክ አሰርኩት። አየር እንዳያደርቀው ሐይቅ ዳር ሆቴል የሚሠራ ወዳጄ የሰጠኝን ባዶ የጃም ጠርሙስ ደፋሁበት። አስራ ሁለት አዳቀልኩ። በሳምንቱ ዘጠኙ ጠቁረው ወደቁ። ደረሰ ከላይ ያያቸውና ሲመሽ “ሦስተኛዋ አለቀላት” ይለኛል፣ እንደ ሐኪም። የተረፉት ሦስቱም እንደ ጉንፋናም ልጅ ከርፈፍ ብለው ቆሙ። የእምቧዩ ግንድ ቀጭንና እንጨታም ስለሆነ ከቲማቲሙ ጋር አልተመጣጠነልኝም።

እልህ ያዘኝ። እልህ ደግሞ አባቴንም ገድሎታል። ከአጥሩ ሥር፣ የእጣቢ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳር፣ አጤ ፋሪስ የሚባለው አረም በቅሎ ነበር፤ ግንዱ ወፍራም፣ ውሃማ፣ ቅጠሉ ሰፋፊ። ድርቅ አያውቀው፣ በሽታ አያውቀው፣ ፍየል አይነካው። እሱም ከቲማቲም ጋር ሩቅ ዘመድ ነው። ስድስት ችግኝ ነቅዬ መደቡ ላይ ተከልኩ፤ ሥር ሲይዙ ቆረጥኳቸውና ቲማቲሙን ሰካሁባቸው። ልክ ለልክ ገጠሙ። በስምንተኛው ቀን ጠርሙሱን ሳነሳ አምስቱ ቆመዋል። ቀና ብዬ ወደ ክፍተቷ አየሁ፤ አንዲት ጣት ወጥታ ተወዛወዘችልኝ።

ከዚያ ወዲያ እነዚያ ተክሎች ያደጉት እንደ ቲማቲም አይደለም። በየካቲት ደረቴ ደረሱ። በመጋቢት ፍሬያቸውን በእንጨት ደገፍኩት። አንድ ቀን ፈትያ አጥሩን ተደግፋ ታይ ኖሯል፣ ከአንዱ ተክል ሥር ብቅ ያለች ቅጠል አሳየችኝ።

“ጋሽ ኩማ፣ ይቺ አጤ ፋሪስ አይደለችም እንዴ?”

“ናት። ሥሩ እሱ ነው።”

“ውይ! በእኛ አገር ከብት እንኳ ዞሮት ያልፋል። ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤታችን ፍሬውን ቀምሶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለፈልፍ ነበር። የሌለ ሰው እያየ።”

ሳቅኩባት። እንዴት እንደሳቅኩ ዛሬም ይሰማኛል።

“ፈትያ፣ የእኔን ብርቱካን ስንት ዓመት በላሽ?”

“ኧረ ስንት ዓመቴ!”

“ኮምጥጦሽ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“ሥሩ ግን አፍ የማያስገቡት ኮምጣጣ ነው። ሥር የሚሰጠው ውሃ ነው። ፍሬው የራሱን ነው የሚይዘው። ይህን ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ።”

“እርስዎ ካሉማ እሺ” አለችና ሄደች። ቅጠሏን ቀነጠስኳትና ጣልኳት። ሃያ ሦስት ዓመት ብርቱካን ያዳቀለ ሰው ዓለም ሁሉ ብርቱካን ይመስለዋል።

በሚያዝያ አንድ እሁድ የመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬዎች ቀሉ። ሁሉም የአጤ ፋሪስ ሥር ላይ ከቆሙት የተለቀሙ ናቸው፤ የእምቧዮቹ ገና ጥሬ ነበሩ። ብርቅዬ በሁለት እጇ ተቀብላኝ ጸለየችባቸው። አራቱን ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ከትፋ፣ ጨው ነስንሳ አቀረበች። ትልቁን አንዱን እንዳለ ከቆጮ ጋር በሳህን አድርጌ ለደረሰ ወደ ላይ አቀበልኩት። እኔ አልበላሁም። ጨጓራዬ ጥሬ ቲማቲም አይችልም፤ ይህን ብርቅዬ ታውቃለች፣ ስለዚህ ለብቻዋ ቀረበላት።

“ስኳር ነው!” አለች። “የደረሰ አባት፣ ስኳር ነው እኮ!”

ከመስከረም ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እስከ መጨረሻው በላች፣ ሳህኑን በቆጮ ጠረገች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ንጉሥ ሆንኩ። ልጄ በሕይወት አለ፣ ሚስቴ ትስቃለች፣ አፈሩንም አሸንፌዋለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ነጠላዋን ለብሳ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ሄደች። መቅረት አይቻልም፤ የቀረች ስኳሯን ታጣለች።

ዘጠኝ ተኩል ገደማ ፈትያ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩን ገፍታ ገባች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

“ጋሽ ኩማ፣ እትዬ ብርቅዬ ታመዋል። ይዘዋቸው እየመጡ ነው። እሳቸው ራሳቸው ተናገሩ፤ ስብሰባው ፊት ሁሉንም ተናገሩ። ልጁን ቶሎ ያውጡት!”

በኋላ እንደነገረችኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሙሉጌጥ ለወታደር ስንቅ በሶ ስትመድብ ቆይታ፣ “ልጆቻችሁን ለእናት አገር የሰጣችሁ እናቶች ተነሱና ይጨብጨብላችሁ” አለች። ብርቅዬ ተነሣች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሙሉጌጥ “እትዬ ብርቅዬ፣ የእርስዎ ልጅ እኮ ወለጋ ነው” ስትላት፣

“የለም፣ ኮርኒስ ላይ ነው። ይሞቀዋል። አፌ ደረቀ፤ ለእሱም ውሃ ስጡልኝ” አለች።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። እሷ ግን ቀጠለች። ጣውላው ሦስት መሆኑን፣ ሲያስል አፉን እንደሚያፍን፣ በክፍተቷ ጣቱን እንደሚያወዛውዝ፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። እየተናገረችም ከአየር ላይ የማይታይ ነገር እየለቀመች ነጠላዋ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ደረሰን ጠራሁት። ወረደ። የቀን ብርሃን ካየ ስምንት ወር ሊሆነው ምንም አልቀረውም፤ ዓይኑን በክንዱ ጋረደ።

“በጓሮ አጥር ዝለልና ወደ ሐይቁ ሩጥ። ደንገሉ ውስጥ ግባ። ማታ እመጣለሁ።”

“እማዬስ?”

“ታማለች። ሂድ!”

“ምን ሆና?”

“እኔ ምን አውቃለሁ! ሂድ አልኩህ እኮ!”

“አይቻት ልሂድ” አለ።

ገፋሁት። ጮህኩበት። በጥፊ ልመታው እጄን አነሣሁ። ቤት ውስጥ ያለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጦ የእኔን ጫማ ማጥለቅ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ክሩን እያስተካከለ። ልጄ እኔን አልወጣም፣ እናቱን ነው የወጣው። ሁለት ሴቶች ብርቅዬን በብብቷ ደግፈው ሲያስገቡ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ብድግ ብሎ አቀፋት። አየችው። የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗን ሞልቶታል።

“አንተ የማን ልጅ ነህ?”

“እማዬ፣ እኔ ነኝ።”

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮው ተጠጋች። “ዝም በል፣ እንዳይሰሙን። ልጄ ኮርኒስ ላይ ነው። ለማንም አትንገር።”

“እሺ እማዬ” አለ። “ለማንም አልናገርም።”

ገብረየስ ከሁለት ጠመንጃ ከያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ጋር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ደረሰ እናቱን አልጋ ላይ አስተኝቶ እስኪያለብሳት ድረስ አልገባም። ይህን አልክድበትም።

“ጋሽ ኩማ፣ ምነው እንዲህ አዋረዱኝ?” አለኝ።

እግሩ ላይ ወደቅኩ። ሽማግሌ ነኝ፣ አላፍርም። አነሣኝና “እኔ እምቢ ብል ነገ እኔን ነው” አለ። ደረሰ ብቻ “አንዴ ጓሮውን ልየው” ብሎ ጠየቀ። ፈቀዱለት። መደቡ አጠገብ ቆመ። ተክሎቹ ትከሻው ድረስ ነበሩ።

“አባዬ፣ ከላይ ሳያቸው ትናንሽ ነበር የሚመስሉኝ” አለ። አንዱን ግንድ፣ የተጋጠመበትን እብጠት፣ በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ወሰዱት። ጫማዬ ሰፍቶት ነበር፤ ሲራመድ ቋ ቋ ይል ነበር።

እኔን ቀበሌ ሦስት ቀን አሰሩኝና ለቀቁኝ። ለሽበቴ ይሁን ለአቮካዶው ገብረየስ ያውቃል። ስመለስ ብርቅዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጤነኛ ናት። ፈትያ ሁለት ቀን ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ደሟ ውስጥ ምንም ሳይገኝ “ወባ ይሆናል” ብለው ክኒን ሰጥተዋታል። እሁድ የሆነውን አንዱንም አታስታውስም። ልጇ እንዳቀፋት አታስታውስም። ፈትያን “ምን ተናገርኩ?” ብላ አስጨንቃ አስጨንቃ፣ የተናገረችውን ሁሉ ከአፏ አውጥታለች።

“ወባ አይደለም” አለችኝ። “ስምንት ወር ሙሉ ‘ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ውሸት አውጣኝ’ ብዬ ጸልያለሁ። አወጣኝ። ልጄን በጸሎቴ አስበላሁት።”

“ተይ እንዲህ አትበይ፤ ወባ ነው” አልኳት። ያኔ እኔም የመሰለኝ ወባ ነበር። ይህን ስለ ራሴ የምናገረው የመጨረሻው ደግ ነገር ነው።

በማግስቱ ብርቅዬ ልጁን ወዴት እንደወሰዱት ልትጠይቅ ስትወጣ ፍራሹን ላወርድ ኮርኒስ ላይ ወጣሁ። ክፍተቷ አጠገብ ሳህኑ አለ። ቆጮውን በልቶታል። ቲማቲሙ ግን እንዳለ ነው፤ ቀይ፣ ትልቅ፣ ሳይነካ። ከክፍተቷ የምትገባው ብርሃን እንድታርፍበት አድርጎ አስቀምጦታል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቀይ ነገር ሲያይ ሊውል ፈልጎ ነው። ሲመሽ ሊበላው ነበር።

የፈትያ ጎረቤት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲለፈልፍ የነበረው፣ የሌለ ሰው እያየ።

እናንተ ብትሆኑ ወዲያው ታምኑ ነበር። እኔ አላመንኩም። ሥር የሚሰጠው ውሃ ነው ብዬ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሥሬን ከወንጀል ነጻ ላወጣው ቆረጥኩ። ጣውላው ላይ ተቀምጬ ቲማቲሙን፣ ጨጓራዬ እየተቃጠለ፣ አንድም ሳላስቀር በላሁት። እውነቷን ነው፣ ስኳር ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልሆንኩም። ስቄም ነበር። ከዚያ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ልቤ እንደ ወፍጮ ጀመረኝ። የክፍተቷ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ጉንዳኖች ጣውላዬን ተሸክመው ሲሄዱ አየሁ፤ የሞተው አባቴ ቁጢጥ ብሎ ብርቱካን ያዳቅላል፣ ምላጩን አቀብለኝ ይለኛል፣ አቀብለዋለሁ። ወደ ራሴ ስመለስ ቀኑ መሽቶ ጉሮሮዬ ሻክሯል፤ ብርቅዬ ገና አልተመለሰችም። ስናገር ነው የዋልኩት። ምን እንዳልኩ አላውቅም። እኔ ስለፈልፍ የሰማኝ ቆርቆሮ ነው፤ እሷ ስትለፈልፍ የሰማት ቀበሌ ነው። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ልጄን ያስያዘው የእሷ አፍ አይደለም፣ የእሷ ጸሎትም አይደለም። የእኔ እጅ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አምስቱን ተክሎች ከነፍሬያቸው ነቅዬ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ብርቅዬ ወጥታ አየችኝ። “አጠውልግ ነው” አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከአጥሩ ማዶ ፈትያ ባልዲዋን ይዛ ቆማ ነበር።

“ነቀሏቸው?” አለችኝ።

“ነቀልኳቸው።”

የተደፈነውን ጉድጓድ አየች። “ደግ አደረጉ” አለችና ገባች። ከዚያ ወዲህ አጥሩ ላይ ተደግፋ አጫውታኝ አታውቅም።

ለብርቅዬ ልነግራት ያልተነሣሁበት ቀን የለም። ምሳ ስታቀርብልኝ አፌን እከፍታለሁ፣ “ጨው ይጎድለዋል” እላለሁ። እሷ አፏን ዘጋች። ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አይወጣትም፤ እሺ፣ እንካ፣ ደህና እደር። ከንፈሯን ለጸሎት እንኳ ማንቀሳቀስ ተወች፤ ከዚያ በኋላ ጌታን ምንም ለምናው አታውቅም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር እግዜሯን እመልስላታለሁ። አልተናገርኩም። ምክንያቱን ደጋግሜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ሌላ ሽፋን የለውም፣ ፈርቼ ነው። ዓለም ላይ የቀረችኝ እሷ ናት፣ እንዳትጠላኝ ፈራሁ። ልጁ ሲመለስ እነግራታለሁ እያልኩም ራሴን አታለልኩ። ሲመለስ ስቀን እናወራዋለን እል ነበር፣ በእግዚአብሔር!

አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን። “የአባዬ ቲማቲሞች እንዴት ናቸው?” ይላል። “ፍሬ ይዘዋል” ብዬ መለስኩለት።

መርዶው የመጣው በዓመቱ፣ በ1981 ሚያዝያ ነው። ገብረየስ ራሱ ከሽማግሌዎች ጋር በጠዋት መጣ። ዕድሩ ድንኳን ጣለ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ ብርቅዬ አላለቀሰችም። አፏን በነጠላዋ ጭብጥ ይዛ ሁለት ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ ተነሥታ ወደ ወንዶቹ በኩል መጣችና ፊቴ ተንበረከከች። ለአንድ ዓመት ከእሺና ከእንካ በላይ ያልወጣው ድምፅዋ ሻክሯል።

“የደረሰ አባት” አለች፣ “ሰው ይስማልኝ። ልጅህን በአፌ ገደልኩብህ። አንተ ደበቅከው፣ አበላኸው፣ ለፋህለት። እኔ አወጣሁት። ይቅር በለኝ።”

አፌን ከፈትኩ። ይኸው ነው፣ አሁን ነው አልኩ። ከሴቶቹ መሃል ፈትያ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሣችም፤ ትጠብቃለች። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ትከሻዬን ይዘው “ይቅር በላት ኩማ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ይቅር በላት” ይሉኛል። ብርቅዬ ግንባሯ ጉልበቴ ላይ ነው። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

“ይቅር ብዬሻለሁ” አልኳት።

እጄን ስማ ተነሣች። ፈትያ ነጠላዋን ሰብስባ ከድንኳኑ ወጣች። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ “ተባረክ” አሉኝ።